በአጭሩ የሚጻፍና በአካል የሚነገር

ውድ አንባብያን፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

ይህ የሰላምታ ቃል ትናንት ማታም ሆነ ዛሬ ሌሊት በእጅ ስልኮቻችሁ ላይ ደጋግሞ እንደ ደረሳችሁ አንጠራጠርም። ከፊሉ ከወዳጅ ዘመድ፣ ከፊሉ ከሥራ ባልደረባ፣ ከፊሉም ከባንክና ከንግድ ድርጅት የተላከ ሊሆን ይችላል። እኛም በዚህ ገጽ ከበዓሉ ምሥጢር ጎን ለጎን፣ ምእመናን ቀን ከሌት በእጃቸው ይዘውት ስለሚውሉት የአጭር ጽሑፍ መልእክትና ቤተ ክርስቲያንና ልጆቿ በእርሱ እንዴት ሊገለገሉበት እንደሚገባ ጥቂት ለማለት ወደድን።

ነገሩ ከበዓሉ ጋር ዝምድና የሌለው አይምሰላችሁ። በዓለም ላይ በእጅ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተላከው አጭር የጽሑፍ መልእክት ራሱ የልደት በዓል ሰላምታ ነበር። ኅዳር 24 ቀን 1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1992) ኒል ፓፕወርዝ የተባለ የ22 ዓመት እንግሊዛዊ መሐንዲስ ከኮምፒዩተር ላይ ሆኖ የገና የደስታ መግለጫውን የቮዳፎን ኩባንያ ባልደረባ ለነበረው ለሪቻርድ ጃርቪስ ላከ። የጃርቪስ ስልክ መልእክቱን ለመቀበል እንጂ መልስ ለመጻፍ የሚያስችል አልነበረም። ሰላምታው ደረሰ፤ መልሱ ግን በዚያው መንገድ ሊመለስ አልቻለም። ይህችን ትንሽ ነገር አንባቢ በልቡናው እንዲይዛት እንሻለን፤ ኋላ እንመለስባታለንና።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የእጅ ስልክ አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የአጭር መልእክቱም አገልግሎት ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ሁለት ዓመት ለሚያህል ጊዜ ተቋርጦ ቆይቶ በሁለት ሺሁ ዓመት መባቻ አካባቢ ዳግመኛ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛሬ ቴሌግራሙም ዋትስአፑም ተጨምሮበት፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ የሰበካ ጉባኤው፣ የእድሩም ወሬ በአብዛኛው የሚተላለፈው በዚሁ በጣት በሚነካ ጽሑፍ ሆኗል።

አንዳንድ አባቶች ይህን ሲያዩ ያዝናሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ለዘመን ወግ ተሸነፈች ብለው የሚያጉረመርሙም አሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ቤተ ክርስቲያን ለአጭር መልእክት እንግዳ አይደለችም። የወንጌላዊው የዮሐንስ ሁለተኛ መልእክት ከ13 ቁጥር አይበልጥም፤ የተላከውም ለአንዲት እመቤትና ለልጆቿ ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ፣ አባታችን አባ ሰላማን ለአገራችን ጳጳስ አድርጎ የሾመው ማለታችን ነው፣ የትንሣኤው በዓል በየትኛው ቀን እንደሚውል ለአብያተ ክርስቲያናት በየዓመቱ ደብዳቤ ይልክ ነበር። ከእነዚህም ደብዳቤዎች በ367 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተጻፈው 39ኛው፣ የአዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት በመዘርዘሩ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። በእኛም ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት በባሕረ ሐሳብ ተሰልተው ለሕዝቡ ይታወጃሉ። በቅዳሴውም ቢሆን ሕዝቡን ለጸሎት የሚያስነሣው፣ ወደ ምሥራቅ እንዲመለከት የሚያሳስበው፣ ራሱን ዝቅ እንዲያደርግ የሚነግረው ዲያቆኑ ነው። የዲያቆኑ ቃል ከሦስትና ከአራት ቃላት አያልፍም፤ ነገር ግን በጊዜው ይነገራል፣ ለሁሉም ይሰማል፣ ማን እንደ ተናገረውም ይታወቃል። እንግዲህ አጭር መሆን በራሱ ነውር ቢሆን ኖሮ የዲቁና አገልግሎት ራሱ በነቀፋ ውስጥ በወደቀ ነበር።

ይሁን እንጂ ያው ወንጌላዊ በዚያችው አጭር መልእክት መጨረሻ፣ የሚጽፈው ብዙ እንዳለው፣ ነገር ግን በወረቀትና በቀለም ሊያደርገው እንዳልወደደ፣ ወደ እነርሱ መጥቶ አፍ ለአፍ ሊናገራቸው ተስፋ እንደሚያደርግ ገልጿል (2ኛ ዮሐ. ቁ. 12)። በሦስተኛውም መልእክቱ ይህንኑ ደግሞታል። ሐዋርያው ወረቀትና ቀለም አልናቀም፤ ባይጽፍ ኖሮ ይህንንም ባላወቅን ነበር። የሚጻፈውንና በአካል የሚነገረውን ግን ለይቷል። በዚህ ጽሑፍ የምንለው ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

የሚጻፈውና የሚነገረው ሳይለይ ሲቀር ምን እንደሚደርስ በቅርብ በምናውቀው ቤተሰብ አይተነዋል። አንድ ሽማግሌ አባት በጽኑ ታመው ሆስፒታል ገቡ። አስታማሚዋ የመጨረሻ ልጃቸው ነበረች። ሌሊቱን ሁሉ ሲቃትቱ አድረው ንጋት ላይ መድኃኒት ተሰጣቸውና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልጅቱም እፎይ ብላ ለወንድሞቿና ለእኅቶቿ ሁሉ፦ «አባባ አሁን ዐረፉ» የሚል መልእክት ላከችና እርሷም በወንበሩ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ጣላት።

አማርኛ የሚያውቅ ሰው ከዚህ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅተውም። «ዐረፉ» ማለት ከድካም አረፍ አሉ ማለት ነው፤ «ዐረፉ» ማለት ከዚህ ዓለም ተለዩ ማለትም ነው። በድምፅ ቢነገር ኖሮ የልጅቱ የእፎይታ አነጋገር ፍቺውን በገለጠው ነበር። ጽሑፍ ግን ድምፅ የለውም። ታላቁ ልጅ መልእክቱን በታክሲ ውስጥ አነበበው። ሌላው ለእድሩ ዳኛ ደወለ። ስልክ ወደ ልጅቱ ቢደወል አይነሣም፤ ተኝታለችና። ፀሐይ ሞቅ ሳይል ድንኳን ተጠየቀ፣ ጎረቤት ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ፣ እናትየዋም በጓሮ ሆነው ያልሰሙ ሳሉ ለቅሶውን ከውጭ ሰሙት። በቤሩት በሰው ቤት ሠራተኛ የሆነችው መካከለኛዋ ልጅ ደግሞ ያንኑ መልእክት በአሠሪዎቿ ማዕድ ቤት ውስጥ ቆማ፣ አጠገቧ ቋንቋዋን የሚያውቅ ማንም በሌለበት አነበበች።

አባትየው ከአራት ቀን በኋላ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ድንኳን ሊተከልላቸው እንደ ነበር ሲነገራቸው በሳቅ እንደ ተንከተከቱ እናስታውሳለን። ሚስታቸው ግን አልሳቁም። የቤሩቷም ልጅ፣ ያ ሁሉ ስሕተት መሆኑ ከተነገራት በኋላ እንኳ፣ ስልኳ ድምፅ ባሰማ ቁጥር እጇ ይንቀጠቀጥ እንደ ነበር ነግራናለች።

አባቶቻችን መርዶን እንዴት ይነግሩ እንደ ነበር ለአንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት እንዳይሆንብን እንሰጋለን፤ ሆኖም በከተማ ያደጉ ልጆቻችን ሥርዓቱን እየረሱት ስለ ሆነ ጥቂት እንበል። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ዘመድ አዝማድና ሽማግሌዎች ተሰባስበው፣ የንስሐ አባት ባሉበት፣ ባለ መርዶው በቤቱ ሳለ እንጂ በመንገድ ላይ አይነገረውም። በሽታ ያለበት እንደ ሆነ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ እንደ ሆነች አስቀድሞ ይጣራል። ውኃ ይዘጋጃል፤ የሚደግፍ ሰው በግራና በቀኝ ይቆማል። ይህ ሁሉ ባዶ ልማድ አይደለም። ሊቀ ካህናቱ ኤሊ በ98 ዓመቱ በወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ከጦር ሜዳ ሮጦ የመጣ ሰው የልጆቹን ሞትና የታቦተ እግዚአብሔርን መማረክ አከታትሎ ቢነግረው ወደ ኋላው ወድቆ ሞተ፤ ምራቱም ያንኑ ወሬ ሰምታ ምጥ ያዛትና በወሊድ አረፈች (1ኛ ሳሙ. 4፥12-20)። ወሬው እውነት ነበር። እውነት መሆኑ ግን እነዚያን ሁለት ሰዎች አላዳናቸውም።

ወሬን ቀድሞ የማድረስ ጉጉት እንደ ሆነ ከጥንትም የነበረ ነው። አቤሴሎም በሞተ ጊዜ የሳዶቅ ልጅ አኪማአስ ለንጉሡ ልንገር ብሎ ኢዮአብን ለመነው። ኢዮአብም የንጉሡ ልጅ ስለ ሞተ ዛሬ የምታወራው የምሥራች የለህም ብሎ ከለከለው፤ በእርሱ ፈንታ ኩሻዊውን ላከ። አኪማአስ ግን ልቡ አላርፍ ብሎት እየደጋገመ ለምኖ ሮጠ፤ ኩሻዊውንም ቀደመው። ከንጉሡ ፊት በቆመ ጊዜ ግን ስለ ልጁ ተጠይቆ መናገር አቃተው (2ኛ ሳሙ. 18፥19-29)። ዛሬ በየቤተሰቡ የመልእክት መስመር ላይ የምናየው ይህንኑ አኪማአስን ነው። የሟች ሚስት ገና ሳትሰማ ፎቶግራፉ ከሻማ ሥዕል ጋር ተለጥፎ «ነፍስ ይማር» ይባልለታል። ለጳውሎስ ያዘነ የመሰለው ለጴጥሮስ መርዶ ነጋሪ ይሆናል። እንዲህ የሚያደርጉት ሁሉ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ልባቸው የተነካ ደጎች ናቸው። ጣታቸው ግን ከልቡናቸው ይቀድማል።

ታዲያ መልእክት ከመርዶ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም ማለት ነውን? አይደለም። የጀመርነውን ታሪክ ብንፈጽመው ይህ ግልጥ ይሆናል። እኒያ አባት ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው በእርግጥ ዐረፉ። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ ተምሮ ስለ ነበር በቅድሚያ ለሁሉም አንድ ቃል ተላለፈ፦ የቤሩቷ እኅት እስክትሰማ ድረስ ማንም ምንም እንዳይጽፍ። ከዚያም ታላቅ ወንድሟ በዚያው በቤሩት ለሚኖሩ ለጽዋ ማኅበሯ እኅቶች በስልክ ደውሎ አነጋገራቸው። ለእርሷ የተጻፈላት አጭር መልእክት የዕረፍት ቀኗ መቼ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ብቻ ነበር። እሑድ ጧት ሦስት እኅቶች ቁርስ ይዘው ሄዱ፤ እንድትበላ አደረጉ፤ ከዚያ በኋላ ነገሯት፤ ቀኑን ሙሉ አብረዋት አልቅሰው አመሹ። አጭሩ መልእክት መንገዱን ጠረገ፤ ቃሉን ግን ሰው ተሸክሞት ሄደ። ለእኅቲቱ እንዲህ ማድረጉ ሦስት ቀን ወስዷል፤ ሦስቱን ቀን ዝም ብለው የቆዩት ወንድሞቿ የቻሉትን ትዕግሥት እኛ እናደንቃለን።

ወደ ንስሐ አባትና ወደ ንስሐ ልጅ ግንኙነት ስንሻገር ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ወጣቶች ለንስሐ አባታቸው በጽሑፍ መልእክት መላክን እንደ መልካም ዘዴ ይቆጥሩታል። ለመገናኛ ቀን ለመያዝ፣ የታመመ ሰው ስም ጠቅሶ በጸሎት እንዲያስቡት ለማሳሰብ፣ የክርስትና ወይም የተዝካር ቀን ለማስታወስ ይህ ፈጽሞ የተመቸ ነው፤ ሰዓታት ቆመው፣ ቀድሰው፣ ሕዝብ አሳልመው የመጡ አባት ስልክ ከማንሣት ይልቅ መልእክት ማንበብ ይቀላቸዋል። የአጻጻፉ ወግ ግን ሊጠበቅ ይገባል። ከጓደኛ ጋር እንደሚደረግ ጨዋታ በአጭር ቁርጥ ተጽፎ፣ ሣቂታ ፊት ተጨምሮበት ለካህን የሚላክ መልእክት አይተን አፍረናል። «አባቴ ይፍቱኝ» ብሎ መጀመርና አንቱታን መጠበቅ ከስድስት ወይም ከሰባት ፊደል የበለጠ አያስወጣም።

ኃጢአትን በጽሑፍ መናዘዝ ግን አይገባም። ንስሐ በካህን ፊት ቀርቦ፣ ተናዞ፣ ቀኖና ተቀብሎ፣ በመስቀል ተባርኮ የሚፈጸም ምሥጢር ነው። ካህኑ የሰማውን እንዳያወጣ በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ታስሯል፤ ስልክ ግን በምንም ሥርዓት አልታሰረም። የካህኑን ስልክ ልጃቸው ይዞ ይጫወትበታል፤ መልእክቱ ሲደርስ በመስተዋቱ ላይ ፊት ለፊት ይበራል፤ ስልኩ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ አሮጌው ተሽጦ በሌላ ሰው እጅ ይገባል። በዚህ ዓይነት ምሥጢሩ የወጣበት ሰው ሁለተኛ ወደ ካህን ለመቅረብ ልቡ ይፈራል፤ ይህን ደግሞ ከገንዘብ ኪሳራ ጋር ልናነጻጽረው አንችልም። ሰውየው በጭንቀት ሌሊት ተነሥቶ ቢጽፍ እንኳ፣ ካህኑ ሊመልሱለት የሚገባው «ልጄ፣ ነገ ጧት ና፤ እጠብቅሃለሁ» የሚል ብቻ ነው ብለን እናምናለን። ሊሞት የደረሰ ሕመምተኛ ሥጋ ወደሙን ሊቀበል ወይም ቀንዲል ሊቀባ ሲያስፈልግም ጽሑፍ ልኮ መቀመጥ አይገባም፤ ይደወላል፣ ካልተነሣም ሰው ይላካል።

ወደ እጃችን ከሚደርሱ መልእክቶች ብዙዎቹን የላከልን ሰው ራሱ አልጻፋቸውም። ከሌላ ተቀብሎ ነው ያሳለፋቸው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ከእርሱ የተላከ በሚመስል መልእክት ልባቸው ፈጥኖ እንዳይናወጥ የተሰሎንቄን ምእመናን አስጠንቅቋል፤ በመልእክቱም መጨረሻ ሰላምታውን በገዛ እጁ እንደሚጽፍና ይህም የመልእክቶቹ ሁሉ ምልክት እንደ ሆነ ነግሯቸዋል (2ኛ ተሰ. 2፥2፤ 3፥17)። በሐዋርያት ዘመን በሐዋርያ ስም የሐሰት መልእክት ይጻፍ ከነበረ፣ በዘመናችን በጳጳስ ስም ቢጻፍ ምን ይደንቃል? «ብፁዕነታቸው እንዲህ አሉ» የሚል መልእክት ሲደርስ ማን ላከው፣ በየትኛው ቀን ተነገረ፣ ማኅተሙ የማን ነው ብሎ መጠየቅ የሃይማኖት ጉድለት ሳይሆን የሐዋርያው ትምህርት ነው።

የበዓልና የጾም ጥያቄዎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። በ2014 ዓ.ም. ልደት ዓርብ ቀን ዋለ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ልደትና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉ እንደማይጾም ግልጥ ነው፤ ይህ አዲስ ጥያቄ ሆኖ ሰው ሁሉ ግን ግራ እንዲጋባ የሚያደርግ መልእክት በየዘመኑ አይታጣም። በዘመነ ዮሐንስም እንዲሁ ነው። ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ 6 ቀን ትሆናለች፤ ከብሥራቱ ቀን ከመጋቢት 29 ጀምሮ የሚቆጠረው የ9 ወር ከ5 ቀን ስሌት እንዳይዛባ በሚከተለው ዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። በ2016 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። የአጥቢያ ካህን ይህን በአንድ ደቂቃ ያስረዳል። ከማይታወቅ ሰው የመጣን ጽሑፍ ለሃምሳ ሰው ከማሳለፍ ካህኑን አንድ ጊዜ መጠየቅ ይቀላል።

ስለ «ይህን ለ12 ሰው ላክ፤ ካልላክህ ግን…» ዓይነት መልእክት ብዙ አንናገርም። በቀድሞ ጊዜ በእጅ እየተገለበጡ ይዞሩ የነበሩት የሰንሰለት ደብዳቤዎች ልጅ ነው። በእመቤታችንና በመላእክት ስም ሰውን ማስፈራራት ድፍረት ነው፤ ማጥፋት እንጂ ማሳለፍ አያስፈልግም፤ በማጥፋቱም ማንም አይቀሠፍም። የገንዘብ መዋጮ የሚጠይቀው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በርቀት ያለ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው አፈሰሰ፣ ለካህናቱ ቀለብ ጠፋ ተብሎ የሂሳብ ቁጥር ሲመጣ፣ እውነቱም ሐሰቱም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ ይመጣል። ሂሳቡ በግለሰብ ስም ከሆነ ይቆየን ማለት ይገባል፤ ሀገረ ስብከቱ ወይም ሰበካ ጉባኤው ያውቀው እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ የሰጠም ሕጋዊ ደረሰኝ ይቀበል። ለእውነተኛው ችግረኛ ቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው ጉዳት ከሐሰተኛው ሰብሳቢ ይልቅ የሚብሰው፣ ሁለት ጊዜ የተታለለ ምእመን በሦስተኛው ጊዜ እጁን ሲሰበስብ ነው።

የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ለምእመናኗ የምትልከው ማስታወቂያ እንዴት ይጻፍ የሚለው ደግሞ ትንሽ የእጅ ሙያ ይጠይቃል። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160፣ በራሳችን ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ምልክት ይይዛል። ከዚህ ካለፈ ተከፋፍሎ እንደ ሁለት ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ጸሐፊዎች አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፉታል። እኛ ይህን አንመክርም። በላቲን ሲጻፍ «መጣ»ና «መታ» አይለዩም፤ «ጾም»ም ሌላ ነገር ይመስላል፤ ፊደሏን ከአያቷ የተማረች እናትም አታነብበውም። ደግሞም የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ 70 ማለት ሲታሰብ እንደሚመስለው ጥቂት አይደለም። «ጥር 3 ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ የምእመናን ጉባኤ አለ። የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ» የሚለው ከ50 ምልክት አያልፍም፤ ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ ቦታውም፣ ላኪውም አለበት።

እዚህ ላይ «ነገ» የምትለውን ቃል እንከስሳታለን። እኛም ከዚህ ስሕተት አልዳንንም። በአንድ ወቅት «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤ አለ» ብለን በላክነው መልእክት ምክንያት፣ ጉባኤው ከተበተነ ከሦስት ቀን በኋላ ነጠላቸውን ለብሰው የመጡ አንዲት እናት በአዳራሹ ደጃፍ ብቻቸውን ቆመው አግኝተናቸዋል። የልጃቸው ልጅ መልእክቱን ያነበበላቸው በዚያን ዕለት ዋዜማ ነበር። መልእክት በተጻፈበት ቀን ላይነበብ ይችላል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም «ነገ» እንደ ጥላ አብሮት ይሄዳል። ቀንና ወር ይጻፍ።

እኒያ እናት ሌላም ነገር አስተምረውናል። የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም ዓይናቸው አያነብም። ማስታወቂያው በመልእክት ብቻ የተላለፈ እንደ ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያንን ከሁሉ አዘውትረው የሚስሙት እናቶች ከሁሉ በኋላ ይሰማሉ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ጉዳይ በመጀመሪያ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ይነገር፤ ከዚያ በኋላ በመልእክት ይላክ። መልእክቱ ያልነበረውን ለማስታወስ እንጂ የነበረውን ለመተካት አይደለም። ደወሉ ከመልእክቱ በፊት ነበር፤ አሁንም ስልክ የሌለው ሰው ይሰማዋል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው ሲጸልዩ መልእክቱ ትልቅ አገልግሎት እንደ ሰጠ አንክድም። ነገር ግን ያን ጊዜ እንኳ ስልክ የሌላቸውን በአጥር ላይ እየተጣሩ የነገሯቸው ጎረቤቶቻቸው ነበሩ።

የበዓሉን ሰላምታ እንዴት እናድርገው? ከአሥር ሰው ያው አንድ ሥዕል ያው አንድ ቃል መድረሱን አንጠላም፤ ሰላምታ ነውና ይመሰገናል። አንዳንዴ ግን የላኪው ስም ሳይፋቅ ይቀርና፣ ከምናውቀው ወዳጅ የመጣው ሰላምታ ግርጌ የማናውቀው ሰው ከነቤተሰቡ እንኳን አደረሳችሁ ሲለን ፈገግ እንላለን። በላሊበላ የልደትን በዓል ሊያከብር የሄደ ልጅ ለእናቱ «ደርሰናል» ብሎ የሚልከው አንድ ቃል ከእነዚያ ሥዕሎች ሁሉ ይበልጣል፤ እናቲቱ በዚያች ቃል ተኝታ ታድራለች። ይህ አጭር መልእክት ከሚሠራቸው መልካም ሥራዎች ዋነኛው ነው። ለሥራ ባልደረባና በሩቅ ለሚተዋወቁት ጽሑፉ ይበቃል። ለክርስትና እናት፣ ለንስሐ አባት፣ ለአያት፣ በዚህ ዓመት ሐዘን ለገባበት ቤት ግን አይበቃም። መልስ መጻፍ በማይችል ስልክ ስለ ደረሰው ስለ መጀመሪያው የገና መልእክት አንሥተን ነበር። በየሰፈራችን እንደዚያ ስልክ የሆኑ ሰዎች አሉ፤ ሰላምታው ይደርሳቸዋል፣ መልስ የሚሰጡበት መንገድ ግን የላቸውም። ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ያሉ፣ የሥዕሉን መልእክት የጎረቤት ልጅ የሚከፍትላቸው አባትና እናት እነዚህ ናቸው።

በቤተ ልሔም ምድር የነበሩት እረኞች የምሥራቹን ከመላእክት በሰሙ ጊዜ ወሬውን ሰምተን በቃን አላሉም። እርስ በርሳቸው ተነጋግረው፣ መንጋቸውን በሌሊት ትተው፣ የሆነውን ለማየት ፈጥነው ሄዱ፤ ሕፃኑንም በግርግም ተኝቶ አገኙት (ሉቃ. 2፥15-16)። መልእክቱ ለእነርሱ የመነሻ ምልክት ነበር። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ዶሮው ተሠርቶ፣ ቡናው ተፈልቶ ሳለ አንድ ልጅ ሰሐን አስይዛችሁ ወደ አጠገባችሁ ወዳለው ብቸኛ ቤት ብትልኩት፣ ወይም ራሳችሁ ብትሄዱ፣ ስልኩን በቤት ትታችሁት ሂዱ። በሌሊቱ የደረሱት ሰላምታዎች ስትመለሱ እዚያው ይጠብቋችኋል።